ቆርቆሮ በምን ይቆረጣል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ሲሰሙት አነስተኛ የሚመስል፥ ነገር ግን በየቤታችን ጣሪያ ላይ ሳናስተውለው የተቀመጠ ጉዳይ ነው። ይኸውም ስስ ቆርቆሮ በምን መሣሪያና በምን አኳኋን መቆረጥ እንደሚገባው ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዶች «እኛ በቢሮ ወንበር ተቀምጠን በወረቀትና በማኅተም የምንሠራ ሰዎች ስለ ቆርቆሮ አቆራረጥ ማወቃችን ምን ይረባናል?» ሳትሉ አትቀሩም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም፥ ቆርቆሮውን የሚቆርጠው ባለሙያ ቢሆንም አቆራረጡን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለውና «ቶሎ ጨርስልኝ» የሚለው ባለቤት መሆኑ ነው። ከእኛም ከመንግሥት ሠራተኞች ብዙዎቻችን አንድ ቀን በግል ወይም በማኅበር ቤት እናሠራለን፤ አንዳንዶቻችንም የቢሮ፥ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጣሪያ የሚሠራበትን ውል እንፈርማለን።

ነገሩን በሥፍራው ለማየት እንዲመቸን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደሴ እንግባ፤ ከደሴም 30 ኪሎ ሜትር ያህል አልፈን ሐይቅ ከተማ እንድረስ። ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ከተኛው ውሃ ነው፤ በውሃውም ዳር አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት የምንኩስናና የትምህርት ማዕከል ያደረጉት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። መንገዱን ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ስሙ በዜማ ቅኝታችን የሚጠራው የአምባሰል አገር ይመጣል፤ የወረዳውም ከተማ ውጫሌ ናት። ይህ አገር ክረምቱ የሚበረታበት፥ በበልግም ዝናብ የሚጎበኘው አገር ስለ ሆነ ጣሪያ ከሌላው የቤት ክፍል ሁሉ ይልቅ ይፈተንበታል።

እኔም ለሥራ ጉዳይ በዚያ መንገድ በሄድሁ ጊዜ ከፍ ካለ ሥፍራ ቆሜ ወደ ታች የቤቶቹን ክዳን ስመለከት አንድ ነገር ትኩረቴን ሳበው። አንዳንዱ ጣሪያ ገና መላ አካሉ ነጭ ሆኖ ሳለ ጠርዙ ብቻ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ከጠርዙም ራቅ ብሎ በቆርቆሮው ፊት ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተበታተነ የዝገት ነጠብጣብ ይታያል። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ቆርቆሮው መናኛ ነው» ብሎ ነጋዴውን ያማል። እርግጥ ነው፥ ስሱን በወፍራሙ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ አይጠፋም። የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ፥ 35 ጌጅ የተባለውም ከ28 ጌጅ የሳሳ መሆኑን የማያውቅ ገዢ ትልቁን ቁጥር ሲሰማ ትልቅ ነገር የገዛ ይመስለዋል። ዳሩ ግን መናኛ ቆርቆሮ ከሆነ የሚዝገው በሞላ ነው እንጂ ጠርዙን መርጦ አይደለም። ጠርዙን መርጦ የሚዝግ ቆርቆሮ በአቆራረጡ የተበደለ ቆርቆሮ ነው።

ይህን ለመረዳት ቆርቆሮ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞገድ ያለው የጣሪያ ቆርቆሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 በሎንዶን ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር በተባለ መሐንዲስ ስም በሕግ የተመዘገበ ሥራ ነው። ሞገዱ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ለብቻው ቢሆን እንደ ወረቀት የሚተጣጠፈውን ስስ ብረት ሳይጎብጥ ሸክም እንዲችል የሚያደርገው እርሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1837፥ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ የማልበስን ዘዴ አስመዘገበ። እንግዲህ ዛሬ በገበያ የምንገዛው ዚንክ የለበሰ ስስ ብረት ነው። ልብሱም እጅግ ቀጭን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሃምሳኛ አይበልጥም።

ይህ ቀጭን ልብስ ግን ሥራው የሚያስደንቅ ነው። ብረቱን ከውሃና ከአየር ከመሸፈኑም በላይ፥ አንድ ሥፍራ ቢጫር ወይም ቢቆረጥ በአጠገቡ ያለው ዚንክ ከብረቱ በፊት ራሱን ለዝገት አሳልፎ ይሰጣል። ለጌታው ሲል ከፊት ቀድሞ እንደሚወድቅ ታማኝ ዘበኛ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮ በመቀስ ሲቆረጥ የሚጋለጠው ጠርዝ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ በላይና በታች ያለው ዚንክ ይጠብቀዋል።

አሁን በየከተማው የምንሰማውን የሚያፏጭ መሣሪያ እንመልከት። ባለሙያዎቻችን ግራይንደር የሚሉት በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ነው። ፍሌክስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ይህን ዓይነት ፈጣን መሣሪያ ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ነው። መሣሪያው ክፉ አይደለም፤ ለብረት ሥራ ትልቅ አገልጋይ ነው። ግን እንደ መቀስ በስለት አይቆርጥም፤ ፈትጎ፥ አግሎ፥ አቃጥሎ ነው የሚቆርጠው። ዚንክ በ419 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪም እንደ ውሃ ይተናል። ብረት ግን እስከ 1,538 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም። ስለዚህ ዲስኩ ብረቱን ፈትጎ ሲያልፍ በቁርጡ ግራና ቀኝ ያለው ዚንክ ቀድሞ ተቃጥሎ ይጠፋል። ዘበኛው ሞተ፤ ቤቱ ተከፍቶ ቀረ።

ከዚህም የባሰ አለ። ሲቆረጥ እንደ ርችት የሚበተነው፥ ልጆችም ቆመው የሚያዩት የእሳት ፍንጣሪ ሌላ ነገር ሳይሆን የሚነድድ የብረት ብናኝ ነው። ይህ የጋለ ብናኝ በቆርቆሮው ፊት ላይ ሲወድቅ ዚንኩንም ሆነ ቀለሙን አቅልጦ ይተከልበታል። በመጀመሪያው ዝናብ ብናኙ ይዝጋል፤ ቀጥሎም ሥሩ ያለው ቆርቆሮ። ያ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለው ነጠብጣብ የመጣው ከዚህ ነው። ቀለም የተቀቡ የጣሪያ ቆርቆሮዎችን የሚሠሩ ብዙ ፋብሪካዎች በዚህ መሣሪያ እንዳይቆረጡ የሚያስጠነቅቁት በዚህ ምክንያት ነው።

በሐይቅ ከተማ በአንድ የበርና የመስኮት መሥሪያ ቤት ገብቼ ባለቤቱን ስለዚሁ ጉዳይ ጠየቅኋቸው። ሥራቸውን የሚያውቁ አዛውንት ናቸው። የቆርቆሮ መቀሳቸውን ከግድግዳው ላይ አውርደው አሳዩኝ፤ አፉ በዘይት ተወልውሏል፥ እጀታው ግን አቧራ ለብሷል። «ለጣሪያ የሚሻለው ይህ እንደ ሆነ ጠፍቶኝ አይደለም» አሉኝ፤ «ነገር ግን ደንበኛው መቀስ ስይዝ ሲያየኝ ፊቱን ያጠቁራል። ‹እስከ ዛሬ በእጅ ነው እንዴ የምትሠሩት?› ይለኛል። በመቀስ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን በግራይንደር ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ እጨርሰዋለሁ። የቀን ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ እርሱ ነው።» በዚህ መካከል አንድ ወጣት ሠራተኛቸው ላሜራ ይቆርጥ ነበር፤ በዐይኑ ላይ ምንም መከላከያ የለም። መነጽሩ የት እንዳለ ስጠይቀው የወሎ ልጅ ነውና «አብሽሩ ጋሼ፥ ዐይኔን ጨፈን አደርጋለሁ» ብሎ አጽናናኝ። እኔ ግን አልተጽናናሁም፤ ምክንያቱንም ቀጥዬ እነግራችኋለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በዚያ መሥሪያ ቤት የሰማኋቸው የዕቃ ስሞች ላሜራ፥ ሞርሳ፥ ፒንሳ፥ ካቻቪቴ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብላ ያለችው ውጫሌ ደግሞ በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባትና አንድ አንቀጽ በአማርኛና በጣልያንኛ ተለያይቶ በመገኘቱ ጦርነት የተከተለባት ሥፍራ ናት። ጸሐፊዎቹ በወረቀት ላይ ያልተስማሙባቸውን ሁለት ቋንቋዎች የብረት ሠራተኞቻችን በሞርሳው ዙሪያ አስታርቀዋቸዋል።

ወደ ዐይን ነገር ልመለስ። ትንሹ ግራይንደር የሚይዘው ዲስክ ስፋቱ 115 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል። ሒሳቡን የሠራ ሰው የዲስኩ ጠርዝ በአንድ ሴኮንድ 66 ሜትር፥ ማለት በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ ያገኘዋል። ብናኙም ከዚሁ ፍጥነት ጋር ተነሥቶ ነው የሚበረው። ሰው ዐይኑን ጨፈን ሲያደርግ ሥራውን ለማየት የተወው ቀዳዳ ለእሳቱ ብናኝ ሰፊ በር ነው። በዐይን ብሌን ላይ የተተከለ ብረት ደግሞ እንደ ጣሪያው ሁሉ ይዝጋል፤ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ በዙሪያው የዝገት ቀለበት ሊያበጅ ይችላል።

በዚህ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የሚደረገው ነገር ከጉዳቱ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። ጓደኛው የጨርቅ ጫፍ አሹሎ ወይም መርፌ ይዞ ሊያወጣለት ይሞክራል፤ ሌላው ማግኔት ያመጣል፤ ባለዐይኑ ራሱ ያሸዋል። ይህ ሁሉ ብሌኑን መቧጨር ነው። መደረግ ያለበት በንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ ያልወጣ እንደ ሆነም ሳይነኩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ብረቱ ብሌኑን ወግቶ ወደ ውስጥ የገባ ከመሰለ ግን ሳያጥቡና ሳይጫኑ በንጹሕ ነገር ከልሎ መሮጥ ይገባል። ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው የዐይን ሕክምና የሚሰጠው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በደሴ አቅራቢያ ነው፤ በተራራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንኳ ባይቀር ባይቀር በማግስቱ ሊደርስበት ይችላል። መነጽሩ ግን ከትራንስፖርቱ ዋጋ ይቀንሳል።

ስለ ዲስኩ ራሱ ጥቂት ልናገር። ከሁሉ የከፋው ልማድ፥ ትልቅ ዲስክ ለማስገባት ሲባል የብረት መከለያውን ፈትቶ መጣል ነው። 115 ሚሊ ሜትር የተፈቀደለት መሣሪያ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ቢገጠምለት ጠርዙ በሴኮንድ 132 ሜትር ይሮጣል። የዲስኮቹ የተለመደ የፍጥነት ወሰን ግን 80 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሲሮጥ ተበትኖ እንደ ጥይት ቢወጣ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ የሚያግደው መከለያም ከጥግ ተጥሏል። በዲስኩ ፊት ላይ የሚፈቀድለት የዙር ብዛት ተጽፏል፤ በመካከሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይም የአገልግሎቱ ማብቂያ ጊዜ የሚቀረጽበት አለ። ዲስክ እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፋል ቢባል ብዙ ሰው ይሥቃል፤ ነገር ግን ብናኙን አያይዞ የያዘው ሙጫ በጊዜ ብዛትና በእርጥበት እየደከመ የሚሄድ ነው። ስለዚህ በክረምት በሚያፈስ ጓዳ የሰነበተ ዲስክ የሚታመን አይደለም።

አገራችንን የሚመለከት አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው መሣሪያውን ከነማብሪያው እንደ ተከፈተ አስቀምጦ ቡና ሊጠጣ ይወጣል። መብራቱ ሲመለስ በሩ ላይ ማንም ሳይኖር መሣሪያው ብቻውን ይነሣና ወለሉ ላይ ይፈነጫል። ስለዚህ መብራት እንደ ጠፋ ወዲያውኑ ማብሪያውን መዝጋት፥ ሶኬቱንም መንቀል እንደ ጸሎት መለመድ ያለበት ነገር ነው። በወሎ ቆላማ ሥፍራ ወንዶች የሚያገለድሙት ሽርጥም ለሙቀቱ እጅግ የሚስማማ ልብስ ነው፤ በዚህ መሣሪያ አጠገብ ግን ተንጠልጣይ ነገር ሁሉ ጠላት ነው። ሽርጡም፥ ፎጣውም፥ የጋቢው ጫፍም ከተያዘ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል።

ስለ ባዶ በርሜል ሳልናገር ባልፍ ግን ወንጀል ይሆንብኛል። በአዲስ አበባ በምን አለሽ ተራ የአሮጌ በርሜል ሆድ በመሮና በመዶሻ ተዘርግቶ ምድጃና ልዩ ልዩ ዕቃ ሲወጣው ያላየ የለም። ይህ የእጅ ሥራ አድካሚ ነው፥ ጆሮም ይበጣል፤ አሁን አንዳንዱ በግራይንደር ሊገላገለው ይፈልጋል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበት በርሜል ባዶ ሲሆን የሚያስፈራው ከሙሉው ይልቅ ነው። ፈሳሹ ቢወጣም ትነቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ ሆዱን ሞልቶታልና አንድ ፍንጣሪ ከገባበት በርሜሉ ቦምብ ነው። አፉን ከፍቶ ማሰንበትም አይበቃም፤ በስፌቱ ውስጥ የቀረው ቅሪት ሲሞቅ እንደ ገና ይተናል። የነዳጅ በርሜል በእንፋሎት በሚገባ ያልታጠበ እንደ ሆነ እሳት የሚያወጣ መሣሪያ አይቅረበው።

ከዚሁ ጋር ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ በሽታ አለ። ዚንክ የለበሰ ብረት በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲበየድ፥ አንዳንዴም ብዙ ሲቆረጥ፥ የሚወጣውን ነጭ ጢስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ አፉ የብረት ጣዕም ይለዋል፤ ማታ ብርድ ብርድ ብሎት ያንቀጠቅጠዋል፤ ያተኩሰዋል። ወባ በሚገኝበት አገር ያለ ሰው ደግሞ ወባ ነው ብሎ ይተኛል። ትኩሳቱ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይለቃል፤ ሰውየውም ተመልሶ ወደዚያው ጢስ ይገባል። ሐኪሙ «ትናንት ምን ስትሠራ ዋልህ?» ብሎ ቢጠይቀው ሁለቱም ብዙ ድካም ይተርፋቸው ነበር።

እንግዲህ መሣሪያው የሚገባው ለምን ሥራ ነው? ለወፍራም ላሜራ፥ ለቱቦላሬ፥ ለማዕዘን ብረትና ለመሳሰለው ነው። ስስ ላሜራ መቁረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ብረቱ ብቻውን ከተያዘ እንደ ከበሮ እየተርገበገበ ዲስኩን ይነክሰዋል፤ የተነከሰ ዲስክም ወደ ያዡ ተመልሶ ይዘላል። ስለዚህ ላሜራውን በሁለት ጣውላ መካከል አጣብቆ ማሰር፥ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዲስክ መምረጥ፥ መጀመሪያ በመስመሩ ላይ ቀለል አድርጎ ጭሮ ቀጥሎ በዚያው ቦይ መመለስ፥ በሁለት እጅ ይዞ ከዲስኩ አቅጣጫ ጎን መቆም ያስፈልጋል። መሣሪያውን በክብደቱ ብቻ መተው ይበቃል፤ የሚገፋው ሰው ዲስክ ይሰብራል። የሣር ክዳን ቤት ወይም የጭድ ክምር በአቅራቢያ ካለ ደግሞ ሥራውን ወደ ሌላ ሥፍራ ማዛወር ነው። የአንድ ሰው ፍንጣሪ የጎረቤትን ጎጆ መብላት የለበትም።

የጣሪያ ቆርቆሮ ግን የመቀስ ነው። መቀሱ ቀጥታ የሚቆርጥ፥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞር እየተባለ ልዩ ልዩ አለው። ሞገዱን አቋርጦ መቁረጥ ለመቀስ አስቸጋሪ መሆኑ አይካድም፤ መሣሪያን ወደ ሰገነት አድርሶ በችኮላ የሚያስቆርጠውም ይኸው ነው። ለዚህም በመሰርሰሪያ ጫፍ ላይ እየተገጠመ ቆርቆሮን እንደ አይጥ ጥርስ እየነከሰ የሚቆርጥ፥ እሳት የማያወጣ መሣሪያ አለ። ይልቁንም የጣሪያው ልክ አስቀድሞ በሚገባ ከተለካና ቆርቆሮው በዚያው ርዝመት ከታዘዘ የሚቆረጠው ነገር ራሱ ጥቂት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኛ ድርሻ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል። ዛሬ ቀጥቃጭ ብሎ የሚሳደብ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መቀስ የያዘውን አዛውንት ኋላ ቀር አድርጎ ማየትና ዋጋውን በችኮላ መጨቆን የስድቡ ታናሽ ወንድም ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዝዛል። አዋጁን በቢሮ የምናውቀው እኛ ነን፤ መነጽር ያልያዘውን ልጅ እያየን «ሥራው መቼ ይደርሳል?» ብለን የምንጠይቀውም እኛ ነን።

ስለዚህ ጣሪያ በምታሠሩበት ጊዜ በውሉ ውስጥ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ ዚንክ የለበሰው ወይም ቀለም የተቀባው ቆርቆሮ በመቀስ እንዲቆረጥ፥ ለዚያም የሚያስፈልገው የግማሽ ቀን ሒሳብ እንዲታሰብ። ቤታችሁ አስቀድሞ በግራይንደር የተከደነ ቢሆንም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በደረቅ ቀን ጣሪያው ላይ የቀረውን ብናኝ በለስላሳ መጥረጊያ አስጠርጉ፤ የቀላውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አስፈግፍጉ፤ ከዚያም ዚንክ ያለበት የጸረ ዝገት ቀለም በቀጭኑ ሁለት ጊዜ አስቀቡ። የመጀመሪያው ቀለም ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ፤ ሥራውም ክረምት ሳይገባ፥ ቢቻል እስከ ግንቦት ወር ቢያልቅ ይመረጣል።